ሦስቱ የኦክላሆማ ሲቲ ኮከቦች በደመወዝ ጣሪያ ሥር አብረው መቆየት ይችላሉ?

ጠያቂያችን የጻፉልን ባጭሩ ይህን ነው፦ «ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር በ2012 ኬቨን ዱራንትን፣ ረስል ዌስትብሩክንና ጄምስ ሀርደንን ይዞ ለኤንቢኤ ፍጻሜ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ሀርደንን ለሂውስተን አሳልፎ ሰጠ፤ ያ ቡድንም ዋንጫ ሳያነሳ ተበተነ። አሁን ደግሞ ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር፣ ጄለን ዊሊያምስና ቼት ሆልምግሬን አሉት። የደመወዝ ሕጉ ከያኔው ይልቅ ጠብቋል ይባላል። ታዲያ ሦስቱን አብሮ ማቆየት ይቻላል ወይስ አንዱ መሄዱ አይቀርም?»

ሦስቱን ማቆየት ይቻላል። የማይቻለው ሦስቱን ከያዙ በኋላ ከእነሱ ቀጥለው የሚመጡትን አምስትና ስድስት ጠቃሚ ተጫዋቾችም እንዳሉ ማቆየት ነው። የአንድን ወጣት ቡድን አስኳል የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ትልልቆቹ ክፍያዎች በአንድ ዓመት ላይ መገጣጠማቸውና አመራሩ ያን ዓመት ሳይዘጋጅ መጠበቁ ስለሆነ፣ መልሴ በአብዛኛው ስለ ጊዜ አጠቃቀም ይሆናል። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር፣ ገንዘቡንም በአሜሪካ ዶላር ነው።

የአውሮፓን እግር ኳስ ለምደን ወደ ቅርጫት ኳስ የምንመጣ ሰዎች በመጀመሪያ ልናስተውለው የሚገባ ልዩነት አለ። በኤንቢኤ አንድ ቡድን ከሌላው ቡድን ተጫዋች በገንዘብ አይገዛም። ዝውውር የሚደረገው ተጫዋችን በተጫዋች ወይም ወደፊት በሚመጣ የድራፍት ምርጫ (ድራፍት ማለት ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው) በመለወጥ ሲሆን፣ በሁለቱ ወገን የሚሄዱት ደመወዞችም ቡድኖቹ ከጣሪያው በላይ ከሆኑ ሕጉ በወሰነው መጠን መቀራረብ አለባቸው። ስለዚህ ባለቤቱ ምንም ያህል ሀብታም ቢሆን ያጣውን ተጫዋች በማግስቱ ገበያ ወጥቶ መተካት አይችልም። በእጅ ያለ ጎበዝ ወጣት ዋጋው ከፍ የሚለው ለዚህ ነው።

ጣሪያው ራሱ ደግሞ የማይታለፍ አይደለም። በ2025-26 የውድድር ዘመን ጣሪያው 154.6 ሚሊዮን ዶላር ቢሆንም አብዛኞቹ ቡድኖች ከዚያ በላይ ይከፍላሉ። ይህን የሚያስችላቸው በቦስተኑ ላሪ በርድ ስም የሚጠራው «የበርድ መብት» ነው፤ አንድ ቡድን ውሉ ሳይቋረጥ ሦስት ዓመት የተጫወተለትን የራሱን ሰው ከጣሪያው አልፎም ቢሆን እንዲያስፈርም ይፈቅዳል። ከጣሪያው በላይ ሦስት ወሰኖች ተቀምጠዋል። በ2025-26 የቅንጦት ግብር፣ ማለትም ብዙ ደመወዝ የሚከፍል ቡድን ተጨማሪ የሚከፍለው ቅጣት፣ የሚጀምረው ከ187.9 ሚሊዮን ላይ ነው፤ የመጀመሪያው አፕሮን የሚባለው ወሰን 195.9 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው አፕሮን ደግሞ 207.8 ሚሊዮን ነው። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ተጫዋች አስቀድሞ በተወሰነ አነስተኛ ክፍያ አራት ዓመት ይጫወታል። ከዚያ በኋላ ሊጠይቅ የሚችለው ከፍተኛ መነሻ ደመወዝ የጣሪያው 25 በመቶ ሲሆን፣ በየዓመቱ ከሊጉ ምርጥ ተጫዋቾች በሚዋቀሩት የክብር ቡድኖች ውስጥ በመመረጥ የተቀመጠውን መስፈርት ካሟላ ወደ 30 በመቶ ከፍ ይላል። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገሉት 35 በመቶ ይደርሳሉ፤ ጊልጀስ-አሌክሳንደርን የመሰሉ የላቀ ሽልማት ያገኙ ተጫዋቾች ግን ከዚያ ቀድመውም ይህን ማግኘት ይችላሉ።

ወደ 2012 ልመለስ፤ ከጥያቄው ውስጥ በጥልቀት መታየት ያለበት እሱ ነው። ተንደር ዱራንትን በ2007፣ ዌስትብሩክንና ሰርጅ ኢባካን በ2008፣ ሀርደንን በ2009 ከድራፍት አግኝቷል። በሦስት ተከታታይ ዓመታት በኋላ ላይ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባሉ ሦስት ወጣቶችን መምረጥ ከዚያ ወዲህ ማንም ያልደገመው ሥራ ነው። ዱራንት በ2010፣ ዌስትብሩክ በጥር 2012 የአምስት ዓመት ውል ተፈራረሙ፤ በነሐሴ 2012 ኢባካ ለአራት ዓመት 48 ሚሊዮን ገደማ ተስማማ። ሀርደን ሲቀር የዚያ ጊዜው ሕግ አንድ ቡድን ከወጣት ተጫዋቾቹ ለአንዱ ብቻ የአምስት ዓመት ማራዘሚያ እንዲሰጥ ይፈቅድ ስለነበርና ያ ዕድል ለዌስትብሩክ በመዋሉ፣ ለሀርደን ሊቀርብለት የሚችለው ቢበዛ የአራት ዓመት ውል ነበር። በወቅቱ እንደተዘገበው ቡድኑ 54 ሚሊዮን ገደማ አቀረበ፤ ከፍተኛው ክፍያ ደግሞ 60 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሀርደን አልተቀበለም። ጥቅምት 27 ቀን 2012 ከኬቨን ማርቲን፣ ከጄረሚ ላምብና ከድራፍት ምርጫዎች ጋር ተለውጦ ወደ ሂውስተን ሄደ።

ብዙ ሰው ይህን ሲያስታውስ በስድስት ሚሊዮን ዶላር ልዩነት የተፈጸመ ስስት አድርጎ ይናገራል። የአመራሩ ስጋት ግን መሠረት ነበረው። ከ2011 የሥራ ማቆም በኋላ የተፈረመው የኅብረት ስምምነት ከ2013-14 ጀምሮ ግብሩን ደረጃ በደረጃ እያከበደ እንዲሄድ፣ ተደጋጋሚ ግብር ከፋዮችም የበለጠ እንዲከፍሉ ደንግጓል፤ ኦክላሆማ ሲቲ ደግሞ አነስተኛ ገበያ ያላት ከተማ ናት። እኔ የምወቅሰው ጥድፊያውን ነው። ሀርደን የጀማሪነት ውሉ ገና አንድ ዓመት ይቀረው ነበር። ያን ዓመት አብሯቸው ተጫውቶ በ2013 ክረምት የተገደበ ነፃ ተጫዋች ሲሆን፣ ሌላ ቡድን የሚያቀርብለትን ማንኛውንም ውል ተንደር በዚያው ዋጋ ተቀብሎ የማስቀረት መብት ነበረው። በተጨማሪም ስምምነቱ እያንዳንዱ ቡድን አንድን የቆየ ውል ከጣሪያና ከግብር ስሌት ውጭ አድርጎ እንዲሰርዝ ፈቅዶ ነበር፤ ተንደር የኬንድሪክ ፐርኪንስን ውል በዚህ መንገድ ሊያነሳ ይችል ነበር፤ ዕድሉን ግን አልተጠቀመበትም። ከሁሉ በላይ በ2012-13 58 ሚሊዮን የነበረው ጣሪያ በአዲሱ የቴሌቪዥን ውል ምክንያት በ2016-17 ወደ 94 ሚሊዮን ዘለለ። የዘለላው መጠን በ2012 በትክክል ሊታወቅ ባይችልም፣ ያን ጊዜ ውድ የመሰለው የሀርደን ውል አራተኛ ዓመቱ ላይ ርካሽ ይሆን ነበር። በእኔ ግምት ቡድኑ ቢያንስ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመንና አንድ ተጨማሪ የዋንጫ ዕድል ሳይገደድ አሳልፎ ሰጥቷል።

አሁን ወዳለው ቡድን ስንመጣ፣ ሥራ አስኪያጁ ያው ሳም ፕሬስቲ ነው፤ ሕጉ ግን ሌላ ነው። ተንደር በ2024-25 68 ጨዋታ አሸንፎ፣ በሰኔ 2025 ኢንዲያናን 4 ለ 3 ረትቶ ዋንጫውን ካነሳ በኋላ በሐምሌ ወር ሦስቱንም አስፈረመ። ጊልጀስ-አሌክሳንደር ለአራት ዓመት 285 ሚሊዮን ገደማ፣ ዊሊያምስ ለአምስት ዓመት እስከ 287 ሚሊዮን፣ ሆልምግሬን ለአምስት ዓመት እስከ 250 ሚሊዮን ሊደርስ በሚችል ክፍያ ተስማሙ። በ2012 አስቸጋሪ የነበረው «ለአንዱ ብቻ» የሚለው ገደብ አሁን ባለመኖሩ ሁለቱም ወጣቶች የአምስት ዓመት ውል አግኝተዋል። ውሎቹ መቼ ሥራ ላይ እንደሚውሉ ሲታይ ነው አስተዋይነቱ የሚገባን። በ2025-26 ሦስቱ በድምሩ የሚያገኙት 58.6 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ጊልጀስ-አሌክሳንደር 38.3፣ ሆልምግሬን 13.7፣ ዊሊያምስ 6.6 ሚሊዮን። ይህ የጣሪያው 38 በመቶ ያህል ነው። በ2026-27 የሁለቱ ወጣቶች አዲስ ውል ይጀምራል፤ የጊልጀስ-አሌክሳንደር ግን ገና በ2021 በተፈረመው ውል 40.8 ሚሊዮን ላይ ይቆያል። ሦስቱም ትልልቅ ውሎች በአንድነት የሚገናኙት በ2027-28 ነው።

ያን ዓመት በዛሬው ቁጥር እናስላው። ሁለቱ ወጣቶች በ25 በመቶ፣ ጊልጀስ-አሌክሳንደር በ35 በመቶ ቢሰሉ በ2025-26 ጣሪያ ልክ 38.7፣ 38.7 እና 54.1 ሚሊዮን፣ በድምሩ 131.5 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። እስከ ሁለተኛው አፕሮን የሚቀረው 76 ሚሊዮን ለ12 ሰዎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 6.4 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ የ30 በመቶውን መስፈርት ካሟላ የቀሪው ድርሻ በአማካይ ወደ 5.7 ሚሊዮን ይወርዳል። በእነዚያ የክብር ቡድኖች ውስጥ ለመመረጥ ደግሞ ከ2023-24 ጀምሮ በአብዛኛው ቢያንስ 65 ጨዋታ መጫወት ስለሚያስፈልግ፣ የአንድ ተጫዋች ጉዳት እንኳ በቡድኑ ሒሳብ ላይ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ለውጥ ያመጣል። እንግዲህ ቡድኑን የሚይዘው ጥያቄ ሦስቱን መክፈል አለመቻል አይደለም፤ ጥያቄው በነፍስ ወከፍ ስድስት ሚሊዮን የሚሆን ሒሳብ ይዞ ለዋንጫ የሚፎካከሩ ሌሎች ሰባትና ስምንት ሰዎችን ማግኘት ነው።

«ግብሩን ከፍሎ ከሁለተኛው አፕሮን በላይ ቢቀመጥስ?» ሊሉ ይችላሉ። ግብሩ በራሱ ከባድ ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የከፈለ ቡድን ደግሞ ተደጋጋሚ ተብሎ በከፍተኛ መጠን ይከፍላል። ግን በ2023 የኅብረት ስምምነት የመጣው ዋናው ቅጣት ገንዘብ አይደለም። ከሁለተኛው አፕሮን በላይ ያለ ቡድን የሁለት ተጫዋቾችን ደመወዝ ደምሮ አንድ ትልቅ ተጫዋች ማምጣት አይችልም። በዝውውር ከሰጠው ደመወዝ በላይ መቀበል አይችልም፤ ገንዘብ ጨምሮ መላክም አይፈቀድለትም፤ ከጣሪያ በላይ ያሉ ቡድኖች ነፃ ተጫዋች የሚያስፈርሙበት መካከለኛ የደመወዝ ፈቃድም ይቀርበታል። ሰባት ዓመት ቆይቶ የሚመጣው የመጀመሪያ ዙር ምርጫው እንዳይለወጥ ይታገዳል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ዓመታት ሁለት ጊዜ እንደገና ወሰኑን ካለፈ ያ ምርጫ ወደ ዙሩ መጨረሻ ይገፋል። አንድ ዓመት ማለፍ የሚቻል ነው። ሦስትና አራት ዓመት መቆየት ግን ቡድኑ የታመመበትን ወይም ያረጀበትን ተጫዋች የሚተካበት መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ ይዘጋበታል።

የ2024 ሻምፒዮን ቦስተን ይህን በተግባር አሳይቶናል። ለጄለን ብራውን በ2023 304 ሚሊዮን፣ ለጄሰን ቴተም በ2024 314 ሚሊዮን ገደማ የአምስት ዓመት ውል ከሰጠ በኋላ ዙሪያቸውን ባሉ ውድ ተጫዋቾች ጠብቆ ለመቀጠል ሞከረ። በግንቦት 2025 ቴተም የተረከዝ (አኪለስ) ጅማቱ ሲበጠስ ሒሳቡ ትርጉም አጣ፤ በዚያው ክረምት ጁሩ ሆሊደይ ወደ ፖርትላንድ፣ ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስ ወደ አትላንታ ተላኩ፤ አል ሆርፎርድና ሉክ ኮርኔትም ሄዱ። ዴንቨር ደግሞ በሌላ በኩል ተጎድቷል። በ2023 ዋንጫ ሲያነሳ ብሩስ ብራውን ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ ነገር ግን ለቡድኑ የተጫወተው አንድ ዓመት ብቻ በመሆኑ ቡድኑ በእሱ ላይ ሙሉ የበርድ መብት አልነበረውም፤ ኢንዲያና የሁለት ዓመት 45 ሚሊዮን ሲያቀርብለት ዴንቨር የሚያቀርበው ሕጋዊ መልስ አልነበረውም። ከዚህ የምንረዳው አጋዥ ተጫዋቾችን በአጭር ውል መሰብሰብ ርካሽ ቢመስልም፣ ሰውየው ባማረበት ዓመት እጅ ባዶ እንደሚያስቀር ነው።

ተንደር ይህን ሁሉ አይቶ ያደረገው ዝግጅት፣ በእኔ እይታ፣ ከኮከቦቹ ውል የበለጠ ሊጠና የሚገባው ነው። በ2024 ክረምት አይዛያህ ሃርተንስታይንን ለሦስት ዓመት በ87 ሚሊዮን ሲያስፈርም የመጀመሪያውን ዓመት 30 ሚሊዮን፣ ቀጣዮቹን 28.5 ሚሊዮን አደረገ። ክፍያው ቡድኑ ርካሽ በሆነበት ዓመት ከፍ ብሎ፣ ቡድኑ በሚወደድበት ጊዜ እንዲወርድ ማለት ነው። የመጨረሻው ዓመት 2026-27 ደግሞ በቡድኑ ፈቃድ የሚጸና ነው፤ የሉ ዶርት ውልም እንዲሁ በዚያው ዓመት በቡድኑ ምርጫ ያበቃል። የኮከቦቹ ክፍያ በሚንርበት ዓመት ሁለቱን መንገዶች ክፍት አድርጎ ጠበቀ። አሮን ዊጊንስ ለአምስት ዓመት 47 ሚሊዮን ሲፈርም ክፍያው ከዓመት ዓመት እየቀነሰ የሚሄድ ሆኖ ተጻፈ። በሰኔ 2024 ደግሞ በ2021 ስድስተኛ የተመረጠውን ጆሽ ጊዲን ለቺካጎ ሰጥቶ አሌክስ ካሩሶን አመጣ። ጊዲ የጀማሪነት ውሉ ሊያልቅ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ቺካጎ በኋላ የአራት ዓመት 100 ሚሊዮን ውል ሰጥቶታል። ተንደር ያን ሒሳብ ሊከፍል እንደማይችል ቀድሞ ስላወቀ ተጫዋቹ ገና ዋጋ እያለው ለወጠው፤ ካሩሶንም በዋንጫው ጉዞ ተጠቀመበት። በ2012 ሀርደንን አሳልፎ ከሰጠበት ውሳኔ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይህ ነው፤ ያን ጊዜ ቀድሞ የተለወጠው ከአስኳሉ አንዱ ነበር፣ አሁን ግን ከአስኳሉ ውጭ የሆነው ነው።

ሌላው የዝግጅቱ ክፍል ድራፍት ነው። ፖል ጆርጅ በሐምሌ 2019 ወደ ክሊፐርስ ሲሄድ ተንደር ጊልጀስ-አሌክሳንደርን፣ ዳኒሎ ጋሊናሪን፣ አምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችንና ሁለት የምርጫ ተራ የመለዋወጥ መብቶችን አገኘ። በ2022 12ኛ ሆኖ የተመረጠው ጄለን ዊሊያምስ የመጣው ከእነዚያ ምርጫዎች በአንዱ ነው። ሰዎች የምርጫዎቹን ብዛት የሚያዩት ሌላ ኮከብ እንደሚያስገኝ ዕድል ብቻ ነው። ውድ ለሆነ ቡድን ግን ከዚያ የሚልቅ ጥቅም አላቸው፤ በየዓመቱ አራት ዓመት ሙሉ በዝቅተኛ ክፍያ የሚጫወት ሰው ያቀርባሉ። በ2023 የተመረጠው ኬሰን ዋላስ በዋንጫው ቡድን ውስጥ ያበረከተውን፣ ወይም በ2024 38ኛ ተመርጦ በ2025 ለሦስት ዓመት በ9 ሚሊዮን የተስማማውን ኤጄይ ሚቸልን ስናይ፣ ስድስት ሚሊዮን አማካይ ባለበት ሒሳብ ቡድኑ የሚኖረው በእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች መሆኑ ይገባናል።

ተጫዋቾቹ ራሳቸው ክፍያቸውን ቀንሰው አብረው ለመቆየት ቢወስኑስ የሚል ሐሳብም ይነሳል። የኒውዮርኩ ጄለን ብራንሰን በ2024 አንድ ዓመት ቢጠብቅ 269 ሚሊዮን የሚያገኝበትን ዕድል ትቶ በ156.5 ሚሊዮን ፈርሟል። ይህ የሚከበር ውሳኔ ነው። ሆኖም አንድ አመራር የቡድኑን የወደፊት ዕቅድ በሌላ ሰው ልግስና ላይ መመሥረት የለበትም፤ የተጫዋችነት ዘመን አጭር ነው፤ ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ነገ ምን እንደሚሆን አይታወቅምና ከሃያ አራት ዓመት ወጣት 30 ሚሊዮን ዶላር እንዲተው መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

የጣሪያው ዕድገትም ሒሳቡን ይነካል። ጣሪያው በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር በሕግ ተገድቧል፤ በ2025-26 በዲዝኒ፣ በኤንቢሲና በአማዞን የ11 ዓመት 76 ቢሊዮን የስርጭት ውል ምክንያት ሙሉውን 10 በመቶ ጨመረ። ውሎች በየዓመቱ የሚጨምሩት ከመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ላይ ተሰልቶ እስከ 8 በመቶ ነው፤ ጭማሪው የማይለዋወጥ መጠን ስለሆነ በመቶኛ ሲታይ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ጣሪያው በፍጥነት ካደገ የሦስቱ ድርሻ ከዓመት ዓመት ይቀላል፤ ዕድገቱ 4 ወይም 5 በመቶ ከሆነ ግን ያው ውል እየከበደ ይሄዳል። በዚህ የተነሳ ከ2028 በኋላ ያለውን ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የ2016ቱ ዓይነት ዘለላ ግን ገደቡ ስላለ አይደገምም፤ ለአንድ ውሳኔ ምሕረት የሚያደርግ ድንገተኛ ገንዘብ አይመጣም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፤ ሕጉ በዚህ ረገድ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ከውጭ ኮከብ ሰብስቦ የተቆለለን ቡድን መቅጣት አንድ ነገር ነው፤ ሦስት ወጣቶችን ከጀማሪነታቸው ጀምሮ ኮትኩቶ ያሳደገን አነስተኛ ከተማ በዚያው ሚዛን መመዘን ግን ሊጉ ራሱ ሊያበረታታ የሚፈልገውን ሥራ መቅጣት ነው። ቡድኑ ራሱ መርጦ ያሳደገው ተጫዋች ደመወዝ በአፕሮኑ ስሌት ላይ በከፊል ብቻ ቢቆጠር፣ ውድድሩ ሚዛኑን ሳይስት ከተሞች የሚወዷቸውን ልጆች ረዘም ላለ ጊዜ ያዩ ነበር።

ባለው ሕግ የእኔ ምክር ይህ ነው። ሦስቱን መያዝ፤ ከመካከላቸው የትኛውንም ገና ውሉ ሳይጀምር በፍርሃት አለመለወጥ፤ ሁለተኛውን አፕሮን ቢያልፉ እንኳ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይቆዩበት መግቢያውንም መውጫውንም አስቀድሞ መወሰን። የሚለቀቀው ከሃርተንስታይንና ከዶርት ተርታ ያለው ነው፤ የሁለቱም መሄድ ደጋፊውን እንደሚያሳዝን አውቃለሁ፤ በተለይ ዶርት ሳይመረጥ ቀርቶ በዚያ ቡድን ያደገ ልጅ ነው። ዋላስ በ2026 ክረምት ማራዘሚያ ለመፈረም ብቁ ስለሚሆን ለእሱ የሚከፈለው ከዶርት ቦታ የሚወጣ ገንዘብ መሆን አለበት፤ ሁለቱንም በሙሉ ዋጋ መያዝ በ2027-28 ሌላ ሁለት ሰው ያስቀራል። ተንደር ከሦስቱ አንዱን ስለ መለወጥ በቁም ነገር ሊያስብ የሚገባው፣ በእኔ እምነት፣ ሦስቱ በትልቅ ክፍያ አብረው አንድ ሙሉ ዘመን ከተጫወቱ በኋላ፣ በ2028 ክረምት ነው። ያን ጊዜም ጊልጀስ-አሌክሳንደር ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ስለሚሆን፣ ጥያቄው ከገንዘቡ ይልቅ ከዊሊያምስና ከሆልምግሬን ማን ቡድኑን እንደሚመራ ይሆናል።